ሽማግሌዎች ይዘዋት የሄዱት መኪና

ዛሬ ጠዋት የግራ እጄን አውራ ጣት ከመኪና በር ጋር አጣበቅሁት። መኪና ስላችሁ አደጋ ደረሰበት ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ ከጫማዬ የምታንስ፣ ብትወድቅ የተኛ ድመት የማትቀሰቅስ የፕላስቲክ መኪና ነች። ልጃችን ሰላም ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ እኔና እናቷ የተጋባንበትን ቀን ምክንያት አድርጋ ለእናቷ ሻርፕ፣ ለእኔ በካርቶን የታሸገ ተገጣጣሚ መኪና አመጣች። «አባዬ፣ እጅህ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አለችኝ። ፈረንጆቹ ሆት ሮድ የሚሉት ዓይነት ነው። አሮጌ መኪና ይወስዱና ጣሪያውን ይቆርጡታል፣ የሞተሩን ክዳን ይጥሉታል፣ የኋላ ጎማውን ያወፍሩታል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ የእሳት ነበልባል ይስሉበታል። እኛ ዘንድ መኪና እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፤ እነሱ ዘንድ ግን ይሸለማል።

መመሪያው ሙጫውን በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርጉ ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የተጎዳ መኪና የሚሞላበትን ስቱኮ በሰፊ ላሜራ እየዛቅሁ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌ ጫፍ የሚባል መለኪያ አላውቅም። ቱቦውን ጨመቅሁት። በሩን ከቦታው አስገባሁና እስኪደርቅ ጸጥ ብዬ ያዝኩት። ደረቀ። በሩም ተያዘ፣ እኔም ተያዝኩ። ባለቤቴ ዘነቡ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልቀቃት እንጂ!»

«እኔማ ለቅቄያት ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለችኝ።»

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያስለቅቀዋል አሉ። እኛ ቤት የጥፍር ቀለም የለም፤ ከሕንፃችን ሥር ያለው የውበት ሳሎን ደግሞ ባለቤቷ ለቅሶ ሄዳ ዝግ ነው። ስለዚህ መኪናዋን በጋቢዬ ሸፍኜ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ልይዝ ወጣሁ። ልሳፈር እጄን ወደ በሩ ስሰነዝር ጋቢው ተንሸራተተ። ረዳቱ አየኝ፤ አየት አደረገና ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ የራስዎን መኪና ይዘው ታክሲ ይጋፋሉ እንዴ?» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር አንዷ ሴትዮ፣ «ተዋቸው፣ ነዳጅ አልቆባቸው ነው» አለች። እኔም ዝም አላልኩም፤ «ጎማው ተንፍሶብኝ ነው፣ እንዳትነካኩኝ» ብዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰው የሚያከብርህ አንተ ቀድመህ ስትስቅ ብቻ ነው።

ቃሊቲ ሳሎኑ ውስጥ ፀጉራቸውን ከሚያሠሩ ሴቶች መካከል አስቀመጡኝ። አንዲት ልጅ ጣቴን በሳህን ነከረችልኝ። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ጥፍርዎንም ላስተካክልልዎት?» ትለኛለች። ያኔ ነው ሽታው አፍንጫዬን የመታኝ። አሴቶን ነው የሚሉት፤ ለእኔ ግን የድሮው ጋራዣችን ሽታ ነው። ቀለም የምናቀጥንበት ያ አናት የሚበሳ፣ ልብስ ላይ ከተቀመጠ በሦስት አጠባ የማይለቅ ሽታ። እናቴ ከበር ውጭ ሸሚዜን አስወልቃኝ ነበር የምታስገባኝ። ጣቴ ሳህኑ ውስጥ፣ እኔ ግን አቃቂ ድልድይ አጠገብ፣ አፍሮዬ ከበሩ ጉበን የሚላተም ጎረምሳ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ማን ይገዛ እንደነበርም አልነግራችሁም፤ የሚገዛው ማንም ይሁን ስኳር በወረፋ ነበር። ሻይ ግን አሥር ሳንቲም ነው። ፓስቲ ጠዋት ጠዋት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ዘይቱ ፊደሉን ስለሚያሳልፈው ፓስቲህን በልተህ ስትጨርስ ዜናውንም አብረህ በልተኸዋል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች ሜዳ ነው፤ በክረምት የአቃቂን ጭቃ ግማሹን በሱሪያችን ጠርገን ወደ ቤት እናስገባ ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ትከሻ ይደርሳል። ከባቡር ጣቢያው በላይ ካለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ ካሴት ይዘፍናል፤ ክሩ ሲጠላለፍ ባለቤቱ እርሳስ አስገብቶ እያሽከረከረ ያስተካክለዋል፣ እኛም ዘፈኑ ካቆመበት ራሳችን እንቀጥልለታለን። ባቡሩ ሲመጣ ካሴቱም፣ ወሬውም፣ ጠቡም ይቆማል። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ጃንጥላ ተተክሏል፤ ሳልፍ አሁንም ለባቡሩ ፀጥ የምል ይመስለኛል።

እኔ ባቲላሜራ ነበርኩ። የተጨራመተ የመኪና አካል በመዶሻ ደብድቦ ወደ ቦታው የሚመልስ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ሥራችን በአብዛኛው ሰማያዊና ነጭ የሆኑት ትንንሾቹ ታክሲዎች ነበሩ፤ ሰይቼንቶዎቹ። ግንቡም ይገጫቸዋል፣ በሬም ይገጫቸዋል፣ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ፤ እኛም እንበላለን። ታዲያ አንድ ቀን ፋብሪካ ማሽን ለመትከል ለመጣ ፈረንጅ የመኪናውን በር አቀናሁለት። አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያራግፍ ጠራኝና አንድ ካርቶን ሰጠኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው አፌን ያስከፈተኝ፤ ቀይ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሞተሩ ራቁቱን የወጣ፣ ጎኑ በእሳት የሚንቦገቦግ መኪና። መለዋወጫ የሰጠኝ መስሎኝ ጌታዬን እያመሰገንኩ ወደ ጋራዥ በረርኩ። ስከፍተው የወይን ዘለላ በመሰለ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ጎማ፣ ወንበር፣ ጭስ ማውጫ፣ ሁሉም ጥፍር የሚያህል። የጋራዡ ሰው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። «ታዴ፣ ይህን የሚነዳው ሹፌር ከነሕይወቱ አለ ወይስ እሱም ይገጣጠማል?»

እኔ ግን ተያዝኩባት። ሙጫ ስላልነበረኝ ብስክሌት የሚለጠፍበትን ማስቲሽ ተጠቀምኩ። መመሪያው ፈረንጅኛ ስለሆነ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ሠራሁ፤ መሪውን መጀመሪያ በተሳፋሪው ጎን ገጠምኩትና ነቅዬ መለስኩት። ለጎኗ እሳት ከጋራዡ ቀይና ቢጫ ቀለም ሰርቄ በክብሪት እንጨት ሳልኩ። እናቴ አየቻት፤ «ልጄ፣ መኪና ከሠራህ አይቀር የማይቃጠለውን አትሠራም?» አለችኝ። በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ግን ጎረምሳ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው መኪናዎች ሁሉ ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደብኝ እሷን ብቻ ነው።

በዚያው ወራት ነው ዘነቡ ልቤን ይዛው የሄደችው። የማታ ትምህርት ትማራለች፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሐዲዱ ዳር ስታልፍ እኔ መዶሻዬን ጣቴ ላይ አሳርፋለሁ። አባቷ ጋሽ ተክሌ ሐዲድ የሚጠግኑት ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲናገሩ እንደ ፉጨት አጭር። ለልጃቸው ያሰቡትም የራሳቸውን ዓለም ሰው ነው፤ ጣቢያው ላይ ቲኬት የሚቆርጥ፣ ብስክሌት ያለው፣ ብስክሌቱም ደወልና መብራት ያለው ልጅ ነበር። እኔ ያለኝ መዶሻና አፍሮ ነው። ዘነቡ በዓይኗ «ቶሎ በል» ትለኛለች፤ ሽማግሌ ካልላክሁ ቲኬት ቆራጩ ሊቀድመኝ ነው።

ሽማግሌ ሰበሰብሁ። አንዱ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ናቸው። ሁለተኛው አጎቴ ነው፤ ጆሮው ስለማይሰማ ቁጥር ለማሟላት ብቻ ነው የሄደው። ሦስተኛው ሸምሱ ነው፤ ከስልጤ መጥቶ ከጋራዣችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተ። ሽማግሌ እንኳ አልነበረም፣ ከእኔ የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሰፈሩ ስኳር በእሱ እጅ ስለሚያልፍ በሩን የሚዘጋበት ሰው አልነበረም። የሆነውን ሁሉ የነገረኝም እሱ ነው፤ የጋሽ ተክሌን ድምፅ እያስመሰለ፣ ባንኮኒው ላይ በጣቱ እያንኳኳ።

«ልጁ ምን ሠርቶ ያድራል?» አሉ።

«ባቲላሜራ ነው» አሉ አባ ወልዴ።

«ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማለት ነው?»

«ጥበበኛ ነው፣ ጋሽ ተክሌ» አለ ሸምሱ።

«እንግዲያው የእጁን ሥራ አምጡና ልየው።»

አሁን እኔን ተመልከቱኝ። የሠራሁት ሁሉ በሰው መኪና ላይ ተለጥፎ ከተማ ለከተማ ይዞራል። ምን ልላክ? በር ነቅዬ ልላክ? ያቺን መኪና በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ ለአባ ወልዴ ሰጠኋቸው። ጥርሴ እስኪታይ ፈገግ ብዬ! እሳት የተሳለባትን መኪና ለሐዲድ አለቃ!

ጋሽ ተክሌ መሐረቡን ገለጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይኸ ምንድን ነው የሚነድደው?» «ማጌጫ ነው» አለ ሸምሱ። «በእሳት የሚያጌጥ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አጥፍቶት ይምጣ። እስቲ ሌላ ቀን ተመለሱ።» ሽማግሌ አንድ ቀን ሄዶ እሺ እንደማይባል የታወቀ ነው፤ መመላለሱ ወግ ነው። ግን የመኪና ጥገና ታዝዞ የሚመለስ ሽማግሌ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

እሳቱን ፍቄ በታክሲው ሰማያዊና ነጭ ቀባኋት። ሄዱ። «ሞተሩ ራቁቱን ነው፤ ብርድ አይመታውም? ጣሪያስ? ዝናብ ሲመጣ ልጄ ምን ልትለብስ ነው?» ተመለሱ። ከሰርዲን ጣሳ ክዳን ጣሪያ ቆረጥኩ፤ ለሞተሩም ከዚያው ጣሳ መሸፈኛ፣ በእኛ አፍ ኮፋኖ፣ አወጣሁለት። መዶሻዬ ከጣሳው ስለሚበልጥ በማንኪያ ጀርባ ነው ያጎበጥኩት። እንደገና ሄዱ። «ወንበሩ ሁለት ነው። ልጅ አይወልዱም? ዕቃቸውስ የት ይጫናል?» ከኋላ ወንበር ጨመርኩ፤ ከሽቦ የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ ሠራሁ። ኋላ ደግሞ ከመሬት በጣም ቀርባለች፣ የአቃቂን ጉድጓድ አታልፍም አሉ፤ ከፍ አደረግኋት። ፈረንጁ ተመልሶ ቢያያት ያለቅስ ነበር። ጣሪያዋን ቆርጦ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ገፍፎ ያመጣትን ውድድር የምትገባ መኪና፣ እኔ አልብሼ፣ አጉርሼ፣ ገበያ የምትወጣ እመቤት አደረግኋት።

በአምስተኛው ምልልስ ግን ሸምሱ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ሽማግሌዎቼ ሲወጡ የቲኬት ቆራጩ ሽማግሌዎች እየገቡ ነበር። «ባቲ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚጠራኝ በሥራዬ ነው፤ «ባቲ፣ እሑድ መጨረሻው ነው ብለዋል። ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ሊወስኑ ነው። ያኛው ብስክሌቱን በር ላይ ሊያቆም ነው አሉ።» ያን ሳምንት ለጋራዡ አንድም በር አላቀናሁም። መኪናዋን በዘይት ወለወልኳት፤ መብራቶቿን፣ ከካርቶኑ የወጡትን ሁለት ብርጭቆ መሳይ ነገሮች፣ ትንፋሼን እፍ እያልኩ አበራኋቸው።

እሑድ ከጋሽ ተክሌ አጥር ውጭ፣ ከሸንበቆው ሥር ተሸጉጬ ነበር። ብስክሌቱ በር ላይ ቆሟል፣ ደወሉ ያብረቀርቃል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል። የዚያኛው ወገን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጡረታ አወሩ። ቀጥሎ ጋሽ ተክሌ መኪናዋን እያገላበጡ ይቆጥሩ ጀመር።

«ጣሪያ... አለ። ኮፋኖ... ደህና ነው። ወንበር። መጫኛ።» ልቤ ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ይንደቀደቃል። «እንዴ! አንድ ዓይኑ የት ሄደ?»

አባ ወልዴ መንገድ ላይ ካባቸውን ሲያስተካክሉ አንዱ መብራት ወድቆ ኖሯል።

«ሲወጡ ሁለት ነበረው» አሉ አባ በደከመ ድምፅ።

«አሁን ግን አንድ ነው። በአንድ መብራት ማታ ማታ ልጄን የት ገደል ሊከታት ነው? ይኸው ብስክሌቱ እንኳ የሚበራ መብራት አለው።» መኪናዋ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ስትል ተሰማኝ። የቲኬት ቆራጩ ወገን ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ፣ ምንም ያልሰማው፣ «አሜን» አለ። እኔ ከሸንበቆው ሥር ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ በዓይኔ እየፈለግሁ ነበር።

ከዚያ «ጠሽ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሸምሱ ነው፤ ያደረገውን ኋላ ነገረኝ። አዲሱን ቡናማ ኮቱን፣ ለዒድ ያሰፋውን፣ ደረቱ ላይ ይዞ አንዱን አዝራር ቦጨቀው። የሚያኝከውን ማስቲካ ከአፉ አወጣ፣ አዝራሩን በማስቲካው ባዶው የመብራት ቦታ ላይ ጫን አድርጎ ለጠፈው። «ይኸው ጋሽ ተክሌ፤ በራ» አለ።

«ይህ እኮ ያንተ ኮት ነው።»

«የኔ ነው። ልጁ ግን ጓደኛዬ ነው። ለአንድ አዝራር ብዬ ልጅዎን ለብስክሌት አልሰጥም።»

ጋሽ ተክሌ፣ ጥርሳቸውን ሐዲድ እንኳ አይቶት የማያውቀው ሰው፣ ሳቁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። «ይኼ ልጅ መኪና የለውም» አሉ፤ «ሰው ግን አለው። ዘነቡ! ነይ ለእንግዶቹ ጠላ ቅጂ!» ጠላ ቅጂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ ከሸንበቆው ሥር ስነሳ ሱሪዬ ተቀደደ፤ በዚያ ሰፊ ሱሪ ውስጥ አየሩ እንዴት እንደገባ አልነግራችሁም።

ሠርጋችን ላይ ሙሽራዋ የመጣችው በጋሪ ነው፤ ያን ሁሉ መኪና ካስለወጠችን በኋላ! አስለወጠችን ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ከተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው የነገረችኝ። «አባቴ ስለ መኪና ምን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ያየው ባቡር ነው። ጣሪያውን፣ ወንበሩን፣ መጫኛውን፣ ሁሉንም ከጓዳ ሆኜ እያየሁ በጆሮው የምነግረው እኔ ነበርኩ።» «ለምን?» ስላት፣ «በዚያ ክዳን የለሽ ነገር ልታሳፍረኝ ነበር እኮ! ደግሞስ ስነግርህ የምትሰማ መሆንህን በምን ልወቅ?» አለችኝ። መብራቱን ግን እሷ አላየችም፤ አባቷ ራሳቸው ናቸው ያገኙት። «በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» ትለኛለች እስከ ዛሬ፤ ሳቅ እያነቃት።

ጣቴ ተላቅቆ ቤት ስመለስ የአዲሷ መኪና በር ላይ የጣቴ ቅርጽ ቀልጦ ቀርቷል፤ ያ ደግሞ ማሳመሪያ ነው ብያለሁ። ዘነቡ መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየቻትና «ጣሪያ የላትም?» አለችኝ። መልሴ ከዕቃ መደርደሪያው የሰርዲን ጣሳ መፈለግ ነበር።

ማታ ለሸምሱ ደወልኩና የጣቴን ነገር ነገርኩት። ሳሪስ ነው ያለው፤ ሱቁን ልጆቹ ይዘውታል፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይሰድባል። አሮጊቷ መኪና ዛሬም ብፌያችን ውስጥ ነች፣ ማስቲካው ድንጋይ ሆኗል። ሸምሱ ስቆ ስቆ ሲጨርስ እንደ ልማዱ «አንተ ባቲ፣ አዝራሬስ?» አለኝ።

«ነገ አንድ ደርዘን ገዝቼ ላምጣልህ?»

«ደርዘኑን ለራስህ። እኔ የምፈልገው ያቺኑ ነው።»

«እሷን ከነቀልኩ እኮ መኪናዋ ትታወራለች።»

«እንግዲያው አለብህ» አለና ዘጋው።

አለብኝ። አንድ ቡናማ የኮት አዝራር፣ ባለ አራት ቀዳዳ።